የአብዱልጀባር ሁለት ብረቶች

ምላሴ መጥፎ ነው። ኋላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ቀድሜ ልናገር። ጉርድ ሾላ ላይ የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ሸራ። «ሰብሊ ጋ ሂድ፣ ዕቃውም ስድቡም ኦሪጅናል ነው» ይላሉ ሞተረኞቹ። ይበሉ! ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ራሴ አይደለም፣ ስለ አብዱልጀባር ነው። እሱን ሳነሳ እኔም መግባቴ አይቀርም፣ ምን ላድርግ።

አብዱልጀባር የወሎ ሰው ነው፣ ከሚሴን አለፍ ብሎ ካለች ትንሽ መንደር የመጣ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሱቄ በረንዳ ላይ ሞተር ሲጠግን ኖሯል። ኪራይ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሳልጠይቀው መብራቴን ይቀጥላል፣ የሚያፈሰውን ጣራ ይደፍናል። በረመዳን ራሱ ጾሞ እየዋለ «ሰብሊ፣ ምሳ በላሽ?» ይለኛል። ማታ ማታ ዕቃውን ሱቄ ውስጥ ይቆልፋል፣ የትከሻ ቦርሳውን ባንኮኒዬ ላይ ጥሎ ይሄዳል። «እዚህ ካለ ቤቴ አለ ማለት ነው» ይላል።

ሩዋንዳ ሰፈርና ቦሌ ውስጥ ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ሞተር ስትቆምባቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። ስልኩን ያነሳና «ምን ድምፅ አሰማች?» ይላል። አንዱ «ቆጭ ቆጭ አለች» ይለዋል፣ ሌላው «ምንም ሳትል ቀጥ አለች» ይለዋል። ከዚያ የተቀደደ ካርቶን በረንዳው ላይ ይዘረጋና ዕቃውን አንድ በአንድ ይደረድርበታል። ፒንሳውን ያነሳል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። አስር ቁጥር መፍቻውን ያነሳል፣ ያስቀረዋል። እኔ እዚያ ቆሜ አንጀቴ ያርራል። «አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ልትመርጥ ነው? ዝም ብለህ ሁሉንም አትይዝም!» እለዋለሁ።

ሁሉንም መያዝ አይችልም፣ አውቃለሁ። ቦሌ ሕንፃ ስር ሲሆን ፈታሾቹ ቦርሳውን አራግፈው «ይሄ ካቻቢቴ ለምንድነው?» እያሉ በር ላይ ያቆሙታል። አያት ሲሆን ደግሞ ዳገቱ አለ፣ የእሱ ቀይ ሞተር ሳንባዋ ያለቀ አሮጊት ናት። ስለዚህ ይመርጣል። መርጦ ሲጨርስ ዕቃዎቹን ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ይጠቀልላል፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በቆረጠው ቀጭን ጎማ ሁለቴ ዞሮ ያስራል፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸጉጣል። እንደዚያ የሚያስር ሌላ ሰው አላየሁም። አንዴ ካሰረ ምርጫው አለቀ ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም፣ እሱም አይፈታውም።

የትም ቢሄድ የማያስቀራቸው ነገሮች ግን ነበሩ፦ ጎማ ከቸርኬው ማውጫ ሁለት ብረቶችና የእጅ ፓምፕ። ለጁምዓ ሶላት እንኳ ሲሄድ ይዟቸው ነው። ብረቶቹ ከባድ ናቸው፣ የድሮ የመኪና ሱስታ አስቀጥቅጦ ያሠራቸው። «በየመቶ ሜትሩ ጎሚስታ ባለበት ከተማ ብረት ተሸክመህ ትዞራለህ፣ ደህናም አይደለህ» እለው ነበር። ይስቃል። «ሰብሊ፣ ሞተር በካንዴላ ቢቆም ገፍተሽ ትሄጃለሽ። በጎማ ከቆመ መግፋትም የለም» ይለኛል። እሰማዋለሁ፣ አላምነውም።

ለእናቱ በየጁምዓው ይደውልላታል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ እየሠራ ያወራታል፣ እኔም ከባንኮኒዬ ሆኜ እሰማለሁ። አራት ዓመት አላያትም ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፣ ዛሬ ነገ ሲል ሄደ። አሮጊቷ አትቆጣውም። ሁልጊዜ ከመዝጋቷ በፊት የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «አብዱዬ፣ ሌላው ይቅር። ወደ ቀብሬ የምታወርደኝ አንተ ነህ። አደራ!» እሱም «ኢንሻ አላህ እማ» ይላታል። በኋላ አስረዳኝ፤ በእነሱ ሴት ስትሞት ወደ ጉድጓዱ ገብቶ የሚቀበላት የቅርብ ወንድ ዘመዷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ነው። ባዕድ እጅ እንዳይነካት ፈርታ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ገና አስራ ሁለት ተኩል ሲል ስልኬ ጮኸ። «ሰብሊ፣ ሱቁን ክፈቺልኝ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ሞተሩን አጠገቡ አቁሞ።

«እማ ሞተች። ከሱብሂ ሶላት በፊት። ሲቲ ደወለችልኝ» አለ። ሲቲ እህቱ ናት፣ እናቷን ስታስታምም የኖረችው እሷ ናት።

«ውይ! ውይ አብዱልጀባር!» አልኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። እሱ አላለቀሰም። «ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ትወጣለች። አሁን ከተነሳሁ እደርሳለሁ፣ አንድ ሰዓት ይተርፈኛል» አለኝ።

የወሎ አውቶቡሶች ከላምበረት በሌሊት ወጥተዋል። ሌላው መኪና እስኪሞላ፣ በየኬላው እስኪፈተሽ ይመሻል። በሞተር ብቻ ነው የሚደረሰው። ያቺ አሮጊት ሞተር ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት መውጣት አለባት።

ካርቶኑን ዘረጋ። እንደዚያ ቀን ሲመርጥ አይቼው አላውቅም። መዶሻውን አስቀረ። ትልቁን መፍቻ አነሳ፣ አስቀረ፣ እንደገና አነሳ። «ዳገቱ ላይ ክብደት ይገድለኛል» እያለ ለራሱ ያጉተመትማል። መለዋወጫ ካንዴላ አንድ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ካላማዳሪያ። የካቴናውን መለዋወጫ እንኳ ተወው፣ እስክደርስ አይበጠስም አለ። ብረቶቹንና ፓምፑን ለብቻቸው በሰማያዊው ጨርቅ ጠቀለለ፣ በጎማው ሁለቴ ዞሮ አሰረ፣ ጫፉን ሸጎጠ። ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ «ሁለት ረከዓ ልስገድ» ብሎ ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ገባ።

እዚህ ጋ ነው እኔ የምገባው።

ቦርሳውን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁት፣ ትከሻዬን ገነጠለው። ሰውዬው ላዩ ላይ ያለው አንድ ቀጭን ጃኬት ነው። ደብረ ብርሃንን ታውቁታላችሁ፣ በጠዋቱ ብርዱ አጥንት ይቆጠቁጣል። አፉ ውሃ አልቀመሰም። ይህን ሁሉ ብረት አዝሎ፣ እንባውን ይዞ፣ ዳገት ለዳገት ሲበር ገደል ሲገባ ታየኝ። ጥቅሉን አወጣሁና ባንኮኒው ስር ወሸቅኩት። በቦታው የሟች ባሌን ወፍራም ሹራብ፣ አንድ ትልቅ ዳቦና ውሃ ከተትኩ። ቦርሳው ቀለለ። ደስ አለኝ እኮ! ጎበዝ ነኝ አልኩ ለራሴ።

ደግሞም የእኔን አገር ነበር የማስበው። አባቴ ደብረ ታቦር ሲሞት ወንድሜ ከሑመራ እስኪደርስ ሬሳው አድሯል። ለቀስተኛው ሁሉ ተቀምጦ ጠበቀው። ልጅ ሳይደርስ ማን ይቀብራል? ዐስር ቢሉም ይጠብቁታል፣ ቀስ ብሎ በሰላም ይድረስ እንጂ አልኩ። አስራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር በእነሱ ሞት እንደማይጠብቅ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሶላቱን ጨርሶ ወጣ፣ ቦርሳውን አዘለ። መቅለሉ ሊታወቀው ይገባ ነበር፣ ግን ልቡ የት አለና። «አውፍ በይኝ» አለኝ። ይቅር በይኝ ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ ሩቅ ሲሄድ እንደዚያ ይላል። «ቀስ ብለህ ንዳ! ሰማኸኝ? ቀስ ብለህ!» ብዬ ጮህኩበት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ላምበረት አቅጣጫ ሲታጠፍ አየሁት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደወለ። ነፋሱ ስልኩን ይሞላዋል።

«ሰብሊ፣ ካርቶኑ ላይ ብረቶቹ አሉ?»

ምላሴ ደረቀ። እንደምን ያለ ምላስ!

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አለልቱን አልፌ ነው ያለሁት። የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ቦርሳውን ብከፍት ሹራብ ነው ያለው፣ ሹራብና ዳቦ። በካቻቢቴ ለማውጣት ስሞክር አዲሱንም ካላማዳሪያ ቀደድኩት። ሦስት ኪሎ ሜትር ገፋሁ። ቀጣዩ ጎሚስታ ሸኖ ነው። ብረቶቹ አሉ ወይ?»

«አሉ» አልኩ።

ማልቀስ ጀመረ። ጠዋት ያላለቀሰው ሰውዬ። «ረሳኋቸው» አለ። «ሃያ ዓመት ያልረሳሁትን ዛሬ ረሳሁ። እጄ ይቆረጥ! እማን በእጄ ላወርድ ብዬ እጄ ራሱ ከዳኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው፣ «እኔ ነኝ» ማለት። አልወጣልኝም። «ጩኸትህን ተው፣ እልክልሃለሁ» ብዬ ተቆጣሁት። እሱኑ ተቆጣሁት! «ሞተሩን ጥለህ ያገኘኸውን መኪና አትይዝም?» አልኩት ደግሞ።

«የሚያልፈው ሁሉ ሞልቶ ነው። ያልሞላውም ጋዝ ሰጥቶ ያልፈኛል። በዚህ ጊዜ መሃል መንገድ ላይ እጁን ላወጣ ሰው ማን ይቆማል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን አልቆምም።

ጥቅሉን ከባንኮኒው ስር ጎትቼ፣ ሁለት አዲስ ካላማዳሪያ ከመደርደሪያ ቀምቼ፣ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። ዘይት ሊያስቀይር የቆመ አንድ ሞተረኛ ነበር። «ላምበረት! ንዳ!» ብዬ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ የሞተር ዕቃ እየሸጥኩ ያረጀሁት ሴትዮ፣ ሞተር ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጥቅሉን ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

ላምበረት ስደርስ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል፣ አንገቴን አስገብቼ ባይ ግማሹ ባዶ ነው። ሾፌሩ ገሰሰ ይባላል፣ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«አባቴ፣ በሞቴ ይውጡ! አለልቱን አልፎ ቀይ ሞተር ይዞ የቆመ ሰው አለ። ይህን ይስጡልኝ» አልኳቸው።

«ሲሞላ እንወጣለን፣ እመቤት።»

«እናቱ ሞታለች! ቀብር ሊደርስ ነው!»

«ነፍስ ይማር። ግን ወረፋ ነው፣ ሳይሞላ ተራ አስከባሪዎቹ አያስወጡኝም።»

ያን ሰዓት ምን ምን እንዳልኩ አላስታውሰውም። ተራ አስከባሪውን ተሳድቤያለሁ፣ ከዚያ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። መናኸሪያው መሃል ቆሜ እንደ ረዳት «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያልኩ ተጣራሁ። ሰው ይስቅብኛል። አንዷን ሴትዮ ሻንጣዋን ነጥቄ ውስጥ ጨመርኩት፣ እሷ ለካ ወደ ፍቼ ሂያጅ ነበረች። ሰዓቴን አያለሁ፣ አራት ተኩል፣ አራት ከሃምሳ። እያንዳንዷ ደቂቃ ከእናቱ ቀብር የምታስቀረው ናት። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ወንበር ሲቀር ተራ አስከባሪው «ሂዱ በቃ፣ ይህቺ ሴት ልታብድ ነው» አለ።

አቶ ገሰሰ ጥቅሉን ተቀበሉኝና «አንቺስ አትገቢም? ወንበር አለ እኮ» አሉኝ።

ወንበር ነበር። ገብቼ፣ ራሴ ደርሼ፣ ፊቱን እያየሁ ልሰጠው እችል ነበር። «ሱቅ ክፍት ነው» አልኳቸው። ሱቁ ዝግ ነበር።

ስድስት ተኩል ላይ ደወለልኝ። «ደረሰኝ» አለ። ነፋሱን እሰማለሁ፣ ሲተነፍስ እሰማለሁ። «ሰብሊ» አለኝ።

«አቤት።»

«ምንም። አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋ።

ሰዓቱን በጣቴ ቆጠርኩ። ብትፈልግ ሞተሯ ትብረር፣ ለዐስር ሶላት አትደርስም። ያኔ ለሲቲ ደወልኩ። ቁጥሯ በዱቤ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነበር፣ አንድ ጊዜ ስልኩ ሲጠፋበት የጻፈልኝ። «እኔ ሰብሊ ነኝ፣ የአዲስ አበባዋ። ወንድምሽ መንገድ ላይ ነው፣ ጠብቁት፣ እባክሽ!» አልኳት።

«እትዬ፣ ታጥባ ተከፍናለች» አለች እያለቀሰች። «በእኛ ሟች አይቆይም። ለአንድ ሰው ተብሎ አይቆይም።»

«አንድ ሰው አይደለም፣ ልጇ ነው! ብታድር ምን ትሆናለች? እናንተ ሰዎች ልብ የላችሁም?»

እንዲህ አልኳት፣ እናቷ ከሞተች ግማሽ ቀን ላልሞላት ልጅ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እማ ራሷ ናት ያለችው። አታቆዩኝ፣ አብዱዬ ከደረሰ እሰየው፣ ካልደረሰም አታቆዩኝ ብላለች። አዛውንቶቹን ለምኛለሁ እትዬ፣ እስከ ዐስር ያቆዩልኝም እኔ ለምኜ ነው። ከቀትሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነበር መውጣቷ» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ ሲመጣ የለም አልኩ፣ ያለውንም የለም አልኩ።

አብዱልጀባር ደረሰ፤ ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ሲባል። የአባቱ ወንድም ናቸው ያወረዷት። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር ብሎ ነገረኝ፣ እጁን አፈሩ ላይ ጭኖ ሌላ ምንም እንዳላደረገ።

ከአስር ቀን በኋላ ተመለሰ። ሹራቡን አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣልኝ። ለቅሶ ልደርሰው ቆሎና ስኳር ይዤ ቤቱ ሄድኩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለበት «ሰብሊ ባትልክልኝ ያን ቀን ሜዳ ላይ አድር ነበር» እያለ አመሰገነኝ። ሴቶቹ «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። ያ ምርቃት እሳት ሆኖ ወረደብኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተረኞቹ ሲመጡ «ብረታችሁን እዩ፣ እኔ ረስቼ የሆንኩትን አትሁኑ» ይላቸዋል። ሁሉም ያዝኑለታል። እኔ ባንኮኒዬ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

ሁለት ወር ቻልኩት። እንቅልፌ ሄደ፣ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፣ «ለእሱ ንገሪው» አሉኝ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ደንበኛ ሳይኖር ወደ በረንዳው ወጣሁ። ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ፍሪሲዮን እየፈታ ነበር።

«አብዱልጀባር፣ አልረሳህም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ከበደህ ብዬ፣ በረደህ ብዬ። ይጠብቁሃል ብዬ» አልኩት። አንዴ ከጀመርኩ ሁሉም ወጣ፣ የሚኒባሱ ወንበርም፣ ሱቁም፣ ለሲቲ ያልኳትም።

ቀና አላለም። መፍቻውን ማዞሩን ግን ተወ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሾፌሩ ጥቅሉን ሲሰጡኝ አወቅኩ። ብረስታቸው ኖሮ ካርቶኑ ላይ ራቁታቸውን ነበር የሚቀሩት። ሲመጡ ግን ተጠቅልለው፣ በጎማው ሁለቴ ዞሮ ታስረው፣ ጫፉም እንደተሸጎጠ ነው። ያ ቋጠሮ የኔ ነው። አስሬ ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ ማለት ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ረሳሁ፣ ረሳሁ ትላለህ በየሰው ፊት?»

ያኔ ነው ያየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ልበል? ሰብሊ እናቴን ከእጄ አወጣች ልበል? ሰው አንቺን ሲሰድብሽ ልስማ?» አለ። «አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። በየቀኑ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። ሁለት ወር።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ብያለሁ» አለና ወደ ፍሪሲዮኑ ተመለሰ። ማለቱን አምናለሁ፣ የማያምንበትን የሚናገር ሰው አይደለም።

ዛሬም በረንዳዬ ላይ ነው። ጠዋት ሰላም ይለኛል፣ ሻይ ሲያዝ ለእኔም ያዛል፣ ባለፈው ሳምንት የሚያፈሰውን ጣራ እንደገና ደፈነልኝ። ዕቃዎቹንም ማታ ሱቄ ውስጥ ይቆልፋል። ቦርሳውን ግን ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦት አያውቅም። ሲሠራ በትከሻው ነው፣ ሲሰግድ ከፊቱ ያደርገዋል፣ ማታም ይዞት ይሄዳል። እኔም የባንኮኒውን ያን ጥግ ምንም ሳላስቀምጥበት እንደተውኩት አለ።